የሰማይ ቀዛፊዎቹ አስተርጓሚ

በአገራችን ከተማ ተብላ የተቆረቆረች ሁሉ ፊልም ዝም ብሎ ማየት የማይሆንለት አንድ ሰው አላት። ገበያ ሳይኖራት ከተማ የሆነች ትገኝ ይሆናል፤ ያለ እሱ ግን የትኛዋም አትጸናም። ታውቁታላችሁ። ከጎናችሁ ይቀመጣል። ሽጉጥ የታጠቀው ሰውዬ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ይኼ አሁን ይሞታል» ይላችኋል። ሰውዬው ይሞታል። «አላልኩም?» ይላችኋል። ባይሞትም አይደነግጥም፤ «ቆይ፣ አትቸኩል፣ ይመጣል» ብሎ ሞቱን ለሚቀጥለው ክፍል ያስተላልፍለታል።

ለሌሎች ከተሞች የደረሳቸው ተራ ለፍላፊ ነው። ለከተማችን ለመቱ ግን እግዚአብሔር አብዝቶ ሰጣት፤ ሊቀ ትርጉማን፣ የሰማየ ሰማያት አስተርጓሚ፣ ክቡር ጋሽ ዲበኩሉን። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በነገርኳቸው ቀን ጥቂት አሰቡና «ደመወዝ አለው?» አሉኝ። የለውም አልኳቸው። «እንግዲያው በነጻም ቢሆን ስሠራው ኖሬያለሁ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ጋሽ ዲበኩሉ ፊልም ብቻ ሳይሆን ዓለሙን ሁሉ ያስተረጉሙ ነበር። አንድ ጊዜ አብረን በጋምቤላ መንገድ ወዳለችው ቡሬ ስንሄድ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጠው «አሁን ይቆማል፤ አሁን ለዚያች ሴትዮ ጥሩንባ ይነፋል፤ አሁን ይሳደባል» እያሉ መንገዱን በሙሉ ቀድመውት ሄዱ። ሹፌሩ ቡሬ ሲደርስ ወርዶ፣ «አባባ፣ ከፈለጉ እርስዎ ይንዱት» አላቸው። ጋሽ ዲበኩሉ ወደ እኔ ዞረው በሹክሹክታ «ይህንንም እንደሚል አውቄ ነበር» አሉ።

ሌላ ጊዜ የጎረቤት ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ልናይ ተጠራን። ሙሽሪት ከእናቷ ስትሰናበት ጋሽ ዲበኩሉ እጃቸውን አንስተው «አሁን ታለቅሳለች» አሉ። ሙሽሪት ግን ደረቅ ዓይኗን እንደያዘች መኪና ውስጥ ገባች። ጋሽ ዲበኩሉም አቀረቀሩ። ይህን ጊዜ ሙሽሪት ራሷ፣ ባሏ አጠገብ ተቀምጣ የገዛ ሠርጓን የምታየው ልጅ፣ ሽማግሌው እንዳያፍሩ አዝና ይሁን እናቷን አስታውሳ፣ እዚያው ድፍት ብላ አለቀሰችላቸው። «አላልኩም?» አሉ ጋሽ ዲበኩሉ። «ትንሽ ዘገየች እንጂ።»

ለዚህ ሹመት ያበቃቸው የቪዲዮ ቤታቸው ነው። ኦሮሚያ ክልል ሆና የመቱ ቢሮዎች ደብዳቤያቸውን በቁቤ መጻፍ በጀመሩበት ሰሞን፣ ጋሽ ዲበኩሉ በጋምቤላ በኩል ለስደተኞች ድርጅት ጄኔሬተር ሲጠግኑ ኖረው ተመለሱ። ይዘውት የመጡት አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አንድ ካርቶን ካሴትና ከጄኔሬተሩ ጩኸት መካከል ለቅመው የተማሩት እንግሊዝኛ ነበር። ቴሌቪዥኑንና ካሴቶቹን የሰጣቸው አገሩ የሚገባ ፈረንጅ አለቃቸው ነው። ካርቶኑ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ሲመጣ የቡሬን መንገድ ዝናብ ጠጣ። ካሴቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለነበር ተረፈ፤ በላዩ የተጻፈው ግን ስሙም ቁጥሩም ታጠበ።

ካሴቶቹ ሁሉ የአንድ ረጅም የቴሌቪዥን ድራማ ክፍሎች ነበሩ። ሰዎች በመርከብ ተሳፍረው በከዋክብት መካከል ይዞራሉ። ፈረንጆቹ ድራማውን ምን ብለው እንደሚጠሩት ዝናቡ ወስዶታልና፣ ጋሽ ዲበኩሉ «ሰማይ ቀዛፊዎች» አሉት። ቁጥሩ ስለጠፋም ቅደም ተከተሉን የወሰኑት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ አልቅሰን የሸኘነው ሰው በዚህኛው ቅዳሜ ቆሞ ሲስቅ እናይና እንጮሃለን። ጋሽ ዲበኩሉ በዱላቸው ቴሌቪዥኑን መታ መታ አድርገው «ሕክምናቸው እንደኛ መስሏችኋል?» ይሉናል።

የመርከቧ አለቃ ሻምበል ይባላል። ከጎኑ ከዋክብቱን እያየች አቅጣጫ የምትነግረው ሴት መንገድ መሪዋ ናት። እነዚህንም ስሞች ያወጡት ጋሽ ዲበኩሉ ናቸው። እኛ ሻምበሉን እንደ ጎረቤት እናውቀው ነበር። ግትር ነው፤ ተሳስቶ ተሳስቻለሁ አይልም፤ መንገድ መሪዋን ግን ይፈራታል።

አሁን ስለ ቋንቋው ላስረዳ፤ ይህ ነገር ከመቱ በቀር የትም የተደረገ አይመስለኝም። ከአዳራሹ ግማሹ የገጠር ሰው ነው፤ ቡናውንና ማሩን ሸጦ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ እስኪያባራ የሚገባ፣ ከአፋን ኦሮሞ በቀር የማያውቅ። ሌላው ደግሞ ከሰሜን ተቀይሮ የመጣ መምህር፣ ወታደርና የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ከአማርኛ በቀር የማያውቅ። ፊልም አይጠብቅም። ሁሉን በሁለት ቋንቋ ቢሉት ሻምበሉ ጥሎን ይሄዳል። ስለዚህ ጋሽ ዲበኩሉ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ቀጣዩን በአፋን ኦሮሞ እያደረጉ ነጎዱ። አንድ ቋንቋ ብቻ ያለው ሰው የታሪኩ ግማሽ ቀረበት ማለት ነው።

ለዚህ መላ ያበጁት ባለቤታቸው እትዬ ሮማነወርቅ ናቸው። በሩ ላይ በርጩማቸውን አድርገው ይቀመጡና የሚገባውን ሁሉ «አፍህ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ነው ያለውን ወደ ዳር፣ ሁለት ነው ያለውን ወደ መሐል። በአንድ አግዳሚ ላይ፣ በአማርኛው ሰውና በኦሮምኛው ሰው መካከል፣ ሁለት አፍ ያለው ይቀመጣል፤ ለሁለቱም የጎደላቸውን እየሹከሸከ ያሟላል። ሁለት አፍ ያለው በግማሽ ዋጋ ይገባል። የተወለድኩት እዚሁ መቱ ነውና እኔ ሁለት ነበረኝ። በስተግራዬ ዳምጤ የሚባል ወሎዬ የእርሻ ቢሮ ሠራተኛ፣ በስተቀኜ ኢቲቻ የሚባል የሁሩሙ ባለ ቡና። ዳምጤ በኋላ ተቀይሮ ሄደ። ኢቲቻ ግን እስከ ዛሬ በስተቀኜ ነው። ፖለቲከኞች በስብሰባ ያላስቀመጧቸውን ሰዎች እትዬ ሮማነወርቅ በጣታቸው እያመለከቱ ትከሻ ለትከሻ ያስቀምጧቸው ነበር፤ አልቀመጥም ያለ አንድም አላስታውስም።

የመቱን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቴሌቪዥኑም አስተርጓሚውም አይሰሙም። ያን ጊዜ ጋሽ ዲበኩሉ በእጃቸው፣ በቅንድባቸው፣ አንዳንዴም መሬት ላይ በመውደቅ ያስተረጉሙ ነበር። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጉዳቸው ይወጣል። ጨለማው ውስጥ «የት ደርሰን ነበር? አዎ፣ በሩን ሰበሩት» ብለው ፊልሙን ያለ ፊልም ይቀጥላሉ። ሻምበሉ ይታሰራል፣ ያመልጣል፣ መንገድ መሪዋ ትቆጣዋለች፣ አዳራሹ በሳቅ ይሞታል። መብራቱ ሲመለስ ዴኩ ካቆመበት ይነሣና ፍጹም ሌላ ነገር ያሳየናል፤ ሻምበሉ ጨርሶ አልታሰረም። ሁላችንም ወደ ጋሽ ዲበኩሉ እንዞራለን። እሳቸው ወደ ቴሌቪዥኑ በትዝብት ያዩና «እነሱ ናቸው የተሳሳቱት» ይላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም ነበር። ሻምበሉ ለሌላው ሰው ሲናገር ጋሽ ዲበኩሉ የሚያዩት ወደ ቴሌቪዥኑ ወይ ወደ እኛ ነው። ለመንገድ መሪዋ ሲናገር ግን ከራሳችን በላይ ወደ በሩ ያዩ ነበር። ሳይከፍል የሚሾልክ እንዳይኖር እየጠበቁ ይመስለን ነበር። የቀልዳችንም ምንጭ ይኸው ነበር፤ «ጋሽ ዲበኩሉ ፍቅር ሲያወሩ እንኳ ሌባ ይጠብቃሉ» እንል ነበር።

የመጨረሻው ካሴት፣ ማለት እሳቸው መጨረሻ ነው ያሉት፣ መርከቧ ወደ አንድ ጥቁር ጉድጓድ ስትገባ ያበቃል። ከመግባቷ በፊት ሻምበሉ ብቻውን በትንሿ ጀልባ ሊወጣ በር ላይ ቆሞ መንገድ መሪዋን ይሰናበታታል። በጋሽ ዲበኩሉ ትርጉም እንዲህ አላት፦ «ስመለስ በሩ ላይ ካገኘሁሽ ሌላ ዓለም አልፈልግም።» ከመቱ ወጣት ያን ዓመት ይህን ቃል ለሴት ያልተናገረ የለም። ከዚያ ጨለማ፤ ከዚያ የካሴቱ ማለቂያ፤ ከዚያ የአዳራሹ አንድ ድምፅ፦ «ከዚያስ?»

«ቆዩ፣ አትቸኩሉ፣ ይመጣሉ» አሉ ጋሽ ዲበኩሉ።

ስንት ክረምት አለፈ። ዲሽ በየጣሪያው በቀለ። አግዳሚዎቹ እየሳሱ ሄዱ። ሰዉ ግን መንገድ ላይ ባገኛቸው ቁጥር «ጋሽ ዲበኩሉ፣ ሰዎቹ ተመለሱ?» ብሎ መጠየቅን እንደ ሰላምታ ያዘው። እሳቸውም በ«እግዚአብሔር ይመስገን» ፋንታ «ይመጣሉ» ይላሉ።

ከዚያ እትዬ ሮማነወርቅ ታመሙ። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስገባ ጋሽ ዲበኩሉን ከራስጌያቸው ቆመው ክፍሉን ሲያስተረጉሙላቸው አገኘኋቸው።

«አሁን ነርሷ ትመጣለች። መጣች። አሁን ደግሞ ክንድሽን ትላለች።»

«ክንድዎን፣ እማማ» አለች ነርሷ።

እትዬ ሮማነወርቅ በደከመ ዓይናቸው ወደ እኔ አይተው «ይህን ሰውዬ ዝም የሚያሰኝ መርፌ እዚህ የለም እንዴ?» አሉ። ሳቅን። ከቆይታ በኋላ ወደ ባላቸው ዞረው «ለመሆኑ እነዚያ ሰዎች ተመለሱ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ዘመድ የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ዲበኩሉ ግን ወዲያው ገባቸው።

«ገና ናቸው። ቆዪ፣ አትቸኩዪ፣ ይመጣሉ።»

«እኔ እንኳ መቆየቱን የምችልበት አይመስለኝም። ሲመጡ ትነግረኛለህ።»

«እነግርሻለሁ።»

«ታዲያ በራስህ አፍ ነው። በነሱ አፍ አልፈልግም።»

ጋሽ ዲበኩሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ነገር ተብለው ምንም ሳይጨምሩበት ሲቀሩ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከእትዬ ሮማነወርቅ ቀብር በኋላ ቪዲዮ ቤቱ አልተከፈተም። ሲጠየቁ «ዲሹ ገደለው» ይሉ ነበር። እኛም እንዳመንን ሆንን። የባለቤታቸውን በርጩማ ወደ ቤታቸው ወስደው ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ እንዳስቀመጧት ግን አይቻለሁ። ማንም እንግዳ አይቀመጥባትም ነበር።

ይህ ሁሉ አልፎ፣ ባለፈው ዓመት፣ ገሊላ ቤቴ ድረስ መጣች። ገሊላ የእትዬ ሮማነወርቅ የእህት ልጅ ናት፤ ያሳደጓት እነሱ ናቸው። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ሥራው ቢጠፋ ከመናኸሪያው በላይ ጁስ ቤት ከፍታ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅላለች።

«ጋሼ፣ የእናንተ መርከብ ተመልሳለች» አለችኝ። «ድራማውን እንደ አዲስ ቀጥለውታል። በአማርኛ ድምፅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ይጀምራል። እሳቸውን ማን ይንገራቸው?»

መንገር አላስፈለገም፤ እኛ ስንደርስ ሰምተው ኖሯል። የክብር ኮታቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ከተማውን እየዞሩ ነበር። ለባጃጁ ሹፌር፣ ለሥጋ ቤቱ፣ ለቤተ ክርስቲያን ዘበኛ፣ ላወቃቸውም ላላወቃቸውም «አላልኳችሁም? መጡ» ይላሉ። ያን ያህል ዓመት ጎብጦ የነበረ ወገባቸው ቀና ብሎ ነበር።

ቅዳሜ ጁስ ቤቱ ሞላ። ኢቲቻም ከሁሩሙ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ጋሽ ዲበኩሉ እንደ ጥንቱ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሙ። ድራማው ተጀመረ። መርከቧ ያችኑ ትመስላለች፤ ትንሽ የታጠበች እንጂ። በሻምበሉ ወንበር ላይ ግን ጆሮው ላይ ሎቲ ያደረገ ጎረምሳ ተቀምጧል። በመንገድ መሪዋ ወንበር ላይ ሹርባ የተሠራች አንዲት ልጅ።

«ይቺ ማናት?» አሉ ጋሽ ዲበኩሉ።

«አዲሷ መንገድ መሪ ናት፣ ጋሼ» አለች ገሊላ። «ሠራተኞቹን ሁሉ ቀይረዋቸዋል።»

«የበፊቷስ?»

«ተዋናይቷ አርጅታ ይሆናል። ወይ ደግሞ...»

«ወንበሩ የሰው ነው» አሉ። ለማንም አልነበረም። ከዚያ በሰዉ መካከል አልፈው ወጡ። ጃንጥላቸውን ጥለውት ነበር፤ ውጭው ደግሞ የመቱ ሐምሌ።

ሁለት ቅዳሜ ቀሩ። በሦስተኛው ገሊላ ቤታቸው ሄዳ አንድ ነገር ነገረቻቸው፦ አዲሶቹ ልጆች የተላኩት የቀድሞዎቹን ሊፈልጉ ነው። ጥቁሩ ጉድጓድ ውስጥ የገባችውን የድሮዋን መርከብ እየተከተሉ ነው። ጋሽ ዲበኩሉ ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን አንስተው ተነሡ። «እንደሱ ከሆነ ልጆች ናቸው፤ ይቀመጡበት» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። ግን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አልቆሙም። ከሁሉ ኋላ፣ በበሩ አቅራቢያ ባለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መካከል ተክለው ይቀመጣሉ። እና ዝም። አንድ ቃል የለም። ሰው ሲሞት ዝም፣ ሰው ሲድን ዝም። «ጋሽ ዲበኩሉ ዝም አሉ» የሚለው ወሬ ከመቱ አልፎ ሁሩሙ ደረሰ። አንዳንዱ ታመው ነው አለ። እኔ ደግሞ፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ አማርኛ ከተናገረ አስተርጓሚ ምን ይሠራል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሥራ አጥነት በየትኛውም ቢሮ አይመዘገብም።

ለኢቲቻ የምሹከሸከው እኔ ሆንኩ። እሱ ዛሬም አማርኛ አይሰማም። ያሉትን እንዳለ፣ ቃል ሳላጎድል እነግረዋለሁ፤ ድሮ በመማሪያ መጽሐፋችን ያስተማሩን ትርጉም እንደዚያ ነውና። ኢቲቻ ጥቂት ሳምንት ታገሠኝና አንድ ቀን ትከሻዬን ነካ አድርጎ በአፋን ኦሮሞ እንዲህ አለኝ፦

«አትቀየመኝ። ያንተ ሰዎች አይስቁም።»

«ድራማው ላይ ራሱ አይስቁም እኮ።»

«የሱ ሰዎች ይስቁ ነበር» አለና በአገጩ ወደ ኋላ፣ ወደ ጋሽ ዲበኩሉ አመለከተ።

አንድ ቅዳሜ፣ አዲሶቹ ልጆች የድሮውን ታሪክ ሲያስታውሱ፣ ከመጨረሻው ካሴት የምናውቀው ስንብት ድንገት ስክሪኑ ላይ መጣ። ሻምበሉ በር ላይ ቆሟል። መንገድ መሪዋ ቀና ብላ ታየዋለች። ሰዉ ተነቃቃ፤ ጎልማሳው ሁሉ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ቃሉን በልቡ ያውቀዋል። ሻምበሉ አፉን ከፈተና በጥርት ያለ አማርኛ «ስወጣ የሦስተኛውን ክፍል በር ዝጊ፤ አየር እያስወጣ ነው» አላት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «በሩን ዝጊ ነው እንዴ ያላት!» አለ አንዱ። «በዚህ ቃል አይደለም እንዴ ሚስቴን ያገባኋት?» አለ ሌላው። «ጋሽ ዲበኩሉ፣ ጉድ ሠሩን እኮ!»

ጋሽ ዲበኩሉ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እነሱ ናቸው የተሳሳቱት» አሉ።

ገሊላ ብርጭቆ ይዛ እንደቆመች ቀረች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ «እንግሊዝኛውንም ቀድሜ ስልኬ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ እዚያም በሩን ዝጊ ነው የሚለው» አለችኝ። «ያንን ታዲያ ከየት አመጡት?» ልመልስላት ዘወር ስል ዓይኔ ከበሩ ላይ ዐረፈ። ያን ጊዜ ያ አዳራሽ መጣብኝ፤ ቆርቆሮው፣ አግዳሚው፣ በራሳችን ላይ አልፎ የሚሄደው የጋሽ ዲበኩሉ ዓይን፣ በበሩ ላይ በበርጩማ የተቀመጡት ሴትዮ። ያን ሁሉ ቅዳሜ እኛ መሐል ቁጭ ብለን ስንሰማ የኖርነው የሌላ ሰው ደብዳቤ ነበር። ሌባ ይጠብቃሉ እያልን።

ለገሊላ ነገርኳት። ብርጭቆውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

የመጨረሻው ክፍል የመጣው ዝናቡ እየቀለለ በሄደበት መስከረም ነው። ጁስ ቤቱ በር ድረስ ሞልቷል። ጋሽ ዲበኩሉ ያችው ወንበር ላይ ናቸው። አዲሶቹ ልጆች የድሮዋን መርከብ አገኟት፤ በሯን ከፍተው በባትሪ እያበሩ ገቡ። የሻምበሉ ወንበር ባዶ ነው። የመንገድ መሪዋ ወንበር ባዶ ነው። በአቧራው ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ትላለች። አዲሷ ልጅ ነካቻት፤ የቀድሞዋ መንገድ መሪ የተቀዳ ድምፅ ተሰማ።

«ኃይላችን አልቋል» አለች በአማርኛ። «ሻምበሉ አልተመለሰም። መርከቧን ለቀን እንወጣለን። ከዚህ በኋላ አትፈልጉን።»

በቃ፤ ድምፁ እዚያ ላይ አለቀ። አዲሷ ልጅ ባዶው ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ኢቲቻ እጄን ጎተተ። «ማል ጄቴ?» አለኝ፤ ምን አለች ማለቱ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቱም አፌ እምቢ አለኝ። አልመጡም ብዬ እንዴት ልበለው? ሰውዬው ከኋላዬ ተቀምጠው?

«ማል ጄቴ?» አለ ኢቲቻ ደግሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

የፕላስቲክ ወንበር ተፋቀ። ጋሽ ዲበኩሉ በሰዉ መካከል አልፈው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ዱላ ይዘው፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ እንደ ጥንቱ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እያፈራረቁ ተናገሩ። ሁለት አፍ ላለው ሰው ሲገጣጠም እንዲህ ይላል፦

«መንገዱ ረዘመ ትላለች። ሻምበሉ ቀርቷል፤ መቅረቱን አውቄያለሁ፤ ልማዱ ነው። እኔ ቀድሜ ደርሻለሁ። ምንም አልጎደለብኝም። በሩ ላይ ነኝ። አትቸኩል ትለዋለች።»

ይህን ሲሉ የሚያዩት ወደ እኛ አልነበረም። ከራሳችን በላይ ያዩ ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም፣ ሳንነጋገር፣ ዘወር ብለን ወደ በሩ አየን። በሩ ላይ ካፊያው ነበረ፤ እሳቸው የተነሡባት ባዶ የፕላስቲክ ወንበርም ነበረች። ቴሌቪዥኑ ያለውን ሁላችንም ሰምተናል። አንድም ሰው አላረማቸውም። ነገር አራሚ በማይጠፋባት መቱ ይህ የሆነው ያን ቅዳሜ ብቻ ነው።

ጋሽ ዲበኩሉ የካቲት ላይ አረፉ። ሕመሙ አልከበደም፤ ገሊላ እንደምትለው መጨረሻ ላይ ሐኪሙን እንኳ «አሁን ራስህን ትነቀንቃለህ» ብለውት ነቅንቋል። በቀብራቸው ላይ የዕድሩ ጸሐፊ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። ተወለዱ፣ በጄኔሬተር ሥራ አገለገሉ፣ የግል ሥራ ሠሩ፣ ሚስት አገቡ፣ ልጅ አሳደጉ። እንደ ድራማው አማርኛ ጥርት ያለ ነበር።

ኢቲቻ ሁሩሙ ድረስ ተልኮበት መጥቶ በስተቀኜ ቆሟል። «ማል ጄዴ?» አለኝ፤ ጸሐፊው ምን አለ ማለቱ ነው።

ያሉትን እንዳለ ልነግረው ጀመርኩ። ጋሽ ዲበኩሉ ጄኔሬተር ጠጋኝ ነበሩ አልኩት። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ጋምቤላ ሳሉ አንድ ጄኔሬተር አልነሣም ቢላቸው ሌሊቱን ሙሉ ታሪክ ነግረው አስነሡት አልኩት። ወረቀቱ ላይ የለም። ሚስታቸውን ያጩት ከሰማይ ተልከው ነው፤ አባቷም አፍህ ስንት ነው ብለው ጠየቋቸው አልኩት። ኢቲቻ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ለቀስተኛው ሁሉ አምርሮ የሚያለቅስ መስሎት አዘነለት።

ጸሐፊው ወረቀቱን አጠፈ። ሰዉ ወደ መውጫው ሲያመራ ኢቲቻ ዓይኑን እየጠረገ ቀና አለ።

«ከዚያስ?» አለኝ።

አለቀ ልለው ነበር። ዓይኔ ግን ከሰዉ ራስ በላይ ወደ ቅጥሩ በር ሄደ።

«ቱሪ» አልኩት። «ቆይ። አትቸኩል።»